ስምንት ወር የተቀመጠች ሉል

ስስታም አይደለሁም። ይህን መጀመሪያ ላጥራ፣ ምክንያቱም ሰላሀዲን ይህን ነገር ለሰው ሲያወራ «የሺዓለምን ስስቷ ጉድ ሊሠራት ነበር» ብሎ ነው የሚጀምረው፣ እኔም በየጊዜው እናደዳለሁ። ቆጣቢ ነኝ። ስኳር ከቀበሌ ሱቅ በኩፖን በሚታደልበት ዘመን አልጋው ሥር ሁለት ኪሎ ያልደበቀ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። እሱ ራሱ ሳሙና በሶስት ፌስታል ጠቅልሎ ሲያስቀምጥ በዓይኔ አይቻለሁ።

ጨዋታውን ያመጣብን እሱ ነው። የአባቱ የጋሽ ኡመር የሰዓት መጠገኛ ሱቅ ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ መደዳ መጨረሻ ላይ ነበረች፤ ከኋላዋ ያለችው ጠባብ ክፍል ቅዳሜ ከሰዓት የኛ ናት። ውጭ ተምሮ የመጣ የአክስቱ ልጅ አንድ ሳጥን ሰጠው። ውስጡ ብዙ ጎን ያላቸው ጠጠሮችና ቡና የተደፋበት የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አለ፣ የመጽሐፉም መጨረሻ ገጽ ግማሹ ተቀዷል። ሰላሀዲን እየተረጎመ ሰጠኝ፣ እኔም ቸርችል ጎዳና በምሠራበት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ስለነበርኩ በምሳ ሰዓት በአማርኛ መታሁት። አለቃዬ አንድ ቀን መጥቶ «ይሄ የየትኛው ክፍል ሰነድ ነው?» ቢለኝ «የዕቅድ» ብዬው አለፈ።

አጨዋወቱ ቀላል ነው። ዳኛው ያወራል፤ «ዋሻ ገባችሁ፣ ከፊታችሁ በር አለ» ይላል። እኛ የምናደርገውን እንናገራለን፣ መሳካት አለመሳካቱን ጠጠር ይወስናል። ዳኛው ሰላሀዲን ነው። እህቱ ፈቲያ ቁልፍ የምትሰብር ሌባ፣ እኔ እሳት የምለቅ አስማተኛ፣ ጓደኛችን እምሩ ደግሞ የተዘጋ የሚከፍት፣ የቆሰለ የሚፈውስ ሽማግሌ ነን። ድግምት አንዴ ከተናገሩት ከአእምሮ ይጠፋል፤ ካላደረ አይመለስም። ሉሏ የተፈጠረችው ለዚህ ነው። በእጅህ ጨብጠህ ብታስብ የተናገርከውን አንድ ድግምት መልሳ ትሰጥሃለች፣ በቀን አንዴ ብቻ።

ሉሏን ጥር መጀመሪያ ላይ ከአንድ የሞተ ንጉሥ መቃብር ያወጣኋት እኔ ነኝ። ፈቲያ ከእናቷ አሮጌ ካፖርት የተበጠሰች ነጭ ቁልፍ እጄ ላይ አስቀምጣ «ይኸው ሉልሽ» አለችኝ። መሀረቤ ጫፍ ላይ ቋጠርኳት። ከዚያ በኋላ ስምንት ወር አልነካኋትም። ለባሰ ቀን ነዋ! እሳቴንም ቢሆን ለባሰ ቀን ብዬ ይዤው፣ ጅብ ሲመጣ በዱላ፣ ሽፍታ ሲመጣ በሩጫ ነበር የማመልጠው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ያልተናገርሽውን ምኑን ትመልስልሽ?» ትለኝ ነበር ፈቲያ። «መጀመሪያ ተናገሪ እንጂ!»

እውነቷን ነው። ግን እውነት የሚናገር ሰው ደሜን ያፈላዋል።

አሁን ወደ እምሩ ልምጣ። ያችኑ ጥር፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብላ ባለች ኬክ ቤት ተቀምጠናል። ማኪያቶው ላይ ሁለት ማንኪያ ስኳር ጨመረ፣ አማሰለ፣ አሁንም አማሰለ፣ ከዚያ ቀና ብሎ «የሺ፣ አብረን ብንኖርስ?» አለኝ። እኔ ምን አደረግሁ? ሳቅሁ። ደንግጬ እኮ ነው! ስደነግጥ እስቃለሁ፤ የአያቴ ቀብር ላይ ስቄ እናቴ እስክበልዝ ቆንጥጣኛለች። መሳቁ አልበቃ ብሎኝ «ስኳሩ አናትህ ላይ ወጣ እንዴ?» አልኩት።

«በቃ ይቅር» አለና ማኪያቶውን ጠጣ።

እምሩን ለማያውቅ ሰው ልንገር፦ አንድ ነገር ሁለቴ አይጠይቅም። ያዘዘውን ሻይ አስተናጋጁ ከረሳው ሳይጠጣ ይቅርታ ጠይቆ የሚወጣ ሰው ነው። አኩርፎ አልነበረም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል፣ ቦምቦሊኖ ይዞልን ይመጣል፣ ያችን ጥያቄ ግን ዳግም አላነሳትም። እኔ ደግሞ እወደው ነበር፤ ነገሩ ይኸው ነው። ስምንት ወር ሙሉ እንደገና እስኪጠይቀኝ ጠበቅሁ። ራስሽ ብትነግሪውስ ትሉኝ ይሆናል። ሞክሬያለሁ፣ ያውም ሦስት ጊዜ። አፌን በከፈትኩ ቁጥር ቀልድ ይወጣል። ለቀበሌ ሊቀመንበር የማይመለስ ምላስ እሱ ፊት ይተሳሰራል።

መስከረም ሰባ ዘጠኝ ላይ የአስተማሪነት ምደባው ጎሬ ደረሰው። ሰኞ ጠዋት አውቶቡስ ሊሳፈር፣ ቅዳሜ የመጨረሻውን ጨዋታ ለመጫወት ተሰበሰብን። ዛሬ ካልሆነ መቼም አይሆንም።

ጨዋታው ገና ሲጀመር እምሩ መክፈቻ ድግምቱን አባከነው። አንድ በር ፊት ቆሞ እጁን ዘርግቶ «ተከፈት!» አለ፤ ሰላሀዲን ፈገግ ብሎ «በሩ ቀድሞውንም አልተቆለፈም ነበር» አለው።

«በእጅህ ገፋ ብታደርገውስ ምን ትሆናለህ?» ብላ ፈቲያ ተንከተከተች። እምሩም ሳቀ። ሲስቅ ጎሬ ትዝ አለኝና ሳቄ ጠፋ።

ሦስት ክፍል አለፍን። የመጨረሻው ውስጥ እንደገባን ከኋላችን ድንጋይ ተንከባሎ ዘጋን። ከፊታችን ወፍራም የእንጨት በር፣ ከወለሉ ደግሞ ውሃ ይፈልቃል። ፈቲያ የበሩን ቁልፍ ልትሰብር ሃያ ጎን ያለውን ጠጠር ጣለች፤ ሁለት ወጣላት።

«ውሃው ጉልበታችሁ ደርሷል» አለ ሰላሀዲን።

ሁሉም መሀረቤን አዩ። ቋጠሮው ከስምንት ወር ወዲህ ስላልተፈታ በጥርሴ ነበር የፈታሁት። ቁልፏን አወጣሁና በጠረጴዛው ላይ ወደ እምሩ ገፋኋት።

«ቆይ ቆይ» አለ ሰላሀዲን። «ሉሏ የሷ ናት። ለሌላ ሰው ትሠራለች ተብሎ አልተጻፈም።»

እንግዲህ ሰላሀዲን ያልተጻፈ ነገር አይሠራም ባይ ነው። ወረቀቱን ከሳጥኑ አወጣ። እኔ ራሴ የመታሁት ነው፤ «ሉሏን የጨበጠ ሰው አስቀድሞ የተናገረውን አንድ ድግምት ይመልሳል» ይልና ከዚያ በታች ባዶ ነው፣ መጽሐፉ የተቀደደው እዚያ ላይ ነዋ።

«የጨበጠ ነው እንጂ ባለቤቷ አይልም!» አልኩት። «ይኸው፣ ጨበጠ!»

«እሺ፣ ተቀብያለሁ። ውሃው ወገባችሁ ደርሷል።»

እምሩ ቁልፏን በመዳፉ ይዞ «አመሰግናለሁ የሺ፣ ታባክኛለሽ ብዬ አላሰብኩም ነበር» አለኝና ወደ በሩ እጁን ሊዘረጋ ሲል ዓይኔን በጨው ታጠብኩ።

«ለበሩ አይደለም» አልኩት።

«ለምኑ ነው ታዲያ?»

«ጥር ላይ ለተናገርከው።»

ከፊት ካለው ሱቅ የጋሽ ኡመር ሰዓቶች ብቻ ይሰማሉ፣ ሁሉም በየራሱ ቀጭ ቀጭ ይላል። ፈቲያ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ፊቴ እንደ ምድጃ ነደደ፣ ቀልድም ፈልጌ ፈልጌ አጣሁ። ዕድሜ ልኬን ቀልድ የጠፋኝ ያን ዕለት ብቻ ነው!

እምሩ እኔን አላየኝም። ቁልፏን አየ፣ ቀጥሎ ዳኛውን አየ።

«የዛሬውን ብቻ አይደለም እንዴ የምትመልሰው?»

ሰላሀዲን ወረቀቱን አነበበ። ገለበጠው፣ ጀርባው ባዶ ነው። መልሶ ገለበጠውና መነጽሩን አስተካከለ።

«የቆየ ይመልሳል ተብሎ አልተጻፈም» አለ።

አንተ የዛሬ ዓመት አትድረስ፣ አልኩት በሆዴ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

«የዛሬውን ብቻ ነው ተብሎም አልተጻፈም» ብሎ ጨመረ።

እምሩ ቁልፏን ጨበጣት። ዓይኑን ጨፈነ፣ ደንቡ ማሰብ ነውና እንደ ደንቡ አሰበ። ከዚያ ወደኔ ዞረ።

«የሺ፣ አብረን ብንኖርስ?» አለኝ። ቃሉን አልቀየረም፣ ስኳሩ ብቻ ነው የጎደለው።

ሳቄ መጣ! ወይ አምላኬ፣ አሁንም ሳቄ መጣ። ከንፈሬን ነክሼ «እሺ» አልኩ። እሺታው መጀመሪያ ወጣ፣ ሳቁ ከኋላው ተከተለ፣ ከሳቁ ጋር ዕንባዬም ወረደ። እምሩ እጄን ያዘኝ፤ ቁልፏ በእጆቻችን መካከል ነበረች። እንደዚያ ተደስቼ አላውቅም። ፈቲያ እልልታዋን አቀለጠችው።

«ውሃው አንገታችሁ ደርሷል» አለ ሰላሀዲን።

«አቦ ተወና!» አለችው ፈቲያ።

«ምኑን ልተው? ሉሏ ለዛሬ አልቃለች። በሩ እንደተዘጋ ነው። ሦስታችሁም ልትሰጥሙ ነው።»

ተነሣሁ። አፍንጫዬን በመሀረቤ ጠረግሁና ስምንት ወር ያስቀመጥኩትን ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገርኩ።

«እሳቴን በሩ ላይ ለቅቄዋለሁ!»

ሰላሀዲን ሳይወድ ጠጠሩን አቀበለኝ። አሥራ ሰባት ወጣልኝ። ከውሃው በላይ ያለው የበሩ ግማሽ በአንዴ ነዶ አመድ ሆነ፣ እኛም በቀረው ላይ ተንጠላጥለን ወጣን። ፈቲያ «ይህን ስምንት ወር ሙሉ ታደርጊው ነበር እኮ!» ብላ ትከሻዬን መታችኝ።

እምሩ ሰኞ መሄዱ አልቀረም፤ ምደባ ምደባ ነው። ግን በጥር ዕረፍቱ መጥቶ ለቤተሰቤ ሽማግሌ ሊልክ እዚያው ተስማማን። ቁልፏን ኮቱ ኪስ ከተተ። እኔም ቤት ስደርስ ከሁለቱ ኪሎ አንዱን ስኳር አውጥቼ ለመንገዱ ልቋጥርለት ወሰንኩ።

ካፖርታችንን ስንለብስ ሰላሀዲን ገና ከወረቀቱ ጋር ተቀምጧል። ከጆሮው ላይ እርሳሱን አወረደና ከኔ ታይፕ ሥር ባዶው ቦታ ላይ «የጥርንም ይመልሳል» ብሎ ጻፈ። ወደ ሱቁ ገብቶ የአባቱን ማኅተም ይዞ ተመለሰ፣ እፍ አለበት፣ ጽሑፉ ላይ አሳረፈው።

«አሁን ተጽፏል» አለ።