የክፍሉ ኩራት

ልብስ ሰፊዋ ልጇን ከትምህርት ቤት ያስወጣቻት፣ በየጠዋቱ ግቢው በር ላይ እያለቀሰች አንጀቷን ስለበላቻት ነበር። በኦንላይን ትማር ተብሎ ግማሽ ዓመት አለፈ። አሁን መወሰን አለባት፤ ልጅቷ ትቀጥል ወይስ ትመለስ? ምክር ቢሰጣት ብላ አስተማሪው እረፍት ላይ ሳለ ደወለችለት።

«እንዴ፣ ልጅዎ እኮ የክፍሉ ኩራት ናት!» አላት። «ሌሎቹ ሲቁነጠነጡ እሷ ዓይኗን እንኳ አታርገበግብም። ድምጿን ኔትወርኩ ይበላብናል እንጂ፣ ኦንላይን ለእሷ የተፈጠረ ነው።»

እናት ደስታው አላስቀምጥ አላት። የምሥራቹን ለልጇ ልትነግራት ወደ ጓዳ ሮጠች። ላፕቶፑ ፊት ዩኒፎርም ለብሳ፣ ዊግ ደፍታ የተቀመጠችው ግን ከሱቋ የጠፋችው የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት ነበረች። ልጅቷ ከቁም ሳጥኑ ጎን ጉልበቷን አቅፋ ተኮራምታለች።

«የኔ እናት፣ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ምንም።»

«ትምህርት ቤት ልመልስሽ እንዴ?»

«እማዬ፣ በናትሽ!»

«እሺ፣ እዚሁ ወንበርሽ ላይ ተቀመጪያ።»

«እዚህም ሁሉም ያፈጡብኛል።»

እናት ሌላ ትምህርት ቤት አታውቅም፤ ሌላ ልጅም የላትም።

እረፍቱ አለቀ። «በሉ ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ፤ እሷን አታዩም?» አለ አስተማሪው ከላፕቶፑ ውስጥ።

ልብስ ሰፊዋ ካሜራው እንዳያያት ጎንበስ አለችና የአሻንጉሊቷን ኮሌታ አስተካከለች።