ጊዜው ያለፈበት ቁልፍ

አለቃችን ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አደረገና «ፊርማው የልጅቷ መሆኑን ብቻ አረጋግጥልኝ፤ ሌላ ምርመራ አልጠየቅሁህም» አለኝ።

የምንሠራው መድኃኒት በደም ሥር የሚያንጠባጥቡ ማሽኖች የሚታዘዙበትን ኮድ ነው። ከሦስት ወር በፊት በገባ ለውጥ ላይ የመድኃኒቱ መጠን ጣሪያ አምስት መሆኑ ቀርቶ ሃምሳ ሆኗል። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት በዚያ ማሽን ሥር እንደተኙ አልነቁም።

እኛ ዘንድ እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ ምስጢራዊ ቁልፍ አለው፤ ኮዱ ላይ የነካውን ሁሉ በዚያ ቁልፍ ይፈርምበታል። ያ ለውጥ የተፈረመው በታናሿ ባልደረባችን ቁልፍ ነበር።

መረመርኩት። ምንም እንከን የለበትም። «ትክክለኛ ፊርማ» ብዬ ጻፍኩ፤ በማግስቱ ከሥራ ታገደች። ስትወጣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ አጠገቤ ቆመች።

«ጋሼ፣ ይህን የጻፍኩት እኔ አይመስለኝም።»

«ቁልፍሽን ለሰው ሰጥተሽ ነበር?»

«ኧረ በፍጹም! እርስዎ ነዎት እንጂ ኮምፒውተር በጸሎት የሚያስነሡት፣ እኔ በይለፍ ቃል ነው።» ልትስቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም።

«እስቲ ያን ቀን አስታውሺው።»

«ማክሰኞ ነው። ጠዋት በጋራው ኮምፒውተር ሠራሁ፤ ከምሳ በኋላ እናቴን ዓይን ሐኪም ዘንድ ይዤ ሄድኩ። ለውጡ የገባው አሥር ሰዓት ላይ ነው ይላሉ። ከቤት ሆነሽ ልከሽው ይሆናል አሉኝ። እንጃ ጋሼ፣ ራሴንም መጠራጠር ጀምሬያለሁ።»

ሄደች። «አሥር ሰዓት» ያለችው ግን ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ዓርብ ጠዋት ከጋራው ኮምፒውተር ፊት ተቀመጥኩ። የተጻፈለትን ትእዛዝ ሁሉ መዝግቦ ያስቀምጣል፤ ወደዚያ ማክሰኞ ተመለስኩ።

«መፈረም አልተቻለም፤ የቁልፉ ጊዜ አልፏል» ይላል። ሦስት ጊዜ።

ጊዜው ያለፈበት ቁልፍ የእኔ ነበር።

ያኔ ሁሉም መጣልኝ፤ ያን ማክሰኞ አሥር ሰዓት ላይ እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጬ የነበርኩት እኔ ነኝ። እምቢ ሲለኝ ጊዜ፣ ከኮምፒውተሩ ማስተካከያ ላይ ስሜና ቁልፌ የተጻፉባቸውን ሁለት መስመሮች ሰረዝኩ። ኮምፒውተሩም ጠዋት የከፈተችውን፣ ገና ያልዘጋውን የእሷን ቁልፍ አንሥቶ በስሟ ፈረመ። ስህተቱ ሲጠፋልኝ «ተመስገን» ብዬ ተነሣሁ። በማን ስም እንደተፈረመ ዞር ብዬ አላየሁም። አምስቱን ሃምሳ ያደረገችው ያቺ አንዲት ዜሮም የእኔው ጣት ስህተት ናት።

አለቃችን ዘንድ ገብቼ ነገርኩት። ተነሥቶ በሩን ዘጋው።

«አበድክ እንዴ ሰውዬ? ነገሩ አልቋል እኮ። ልጅቷ ጥፋቷን አምናለች።»

«ምን ብላ?»

«ሳላስተውል አድርጌው ይሆናል ብላ። ትክክለኛ ነው ያልከው አንተው አይደለህ? እሷ ገና ልጅ ናት፣ ሌላ ሥራ አታጣም። አንተ በዚህ ዕድሜህ የት ልትደርስ ነው?»

«እሱን ፈጣሪ ያውቃል» ብዬው ወጣሁ። የኮምፒውተሩን መዝገብ በወረቀት አተምኩ፤ ግርጌው ላይ ያደረግሁትን በእጄ ጽፌ የሟቿን ጉዳይ ለያዙት መርማሪዎች ሰጠሁ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ቤቷ ሄድኩ።

በሯ ላይ እንደቆምኩ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ፊቷ ይፈታል ብዬ ነበር፣ እኔ ሞኙ። መቃኑን ያዘች።

«ጋሼ፣ የሟቿ ልጆች ዘንድ ሄጄ ነበር እኮ። ትናንት። እግራቸው ላይ ወድቄ፣ እናታችሁን የገደልኩት እኔ ነኝ አልኳቸው።»

«ምን አሉሽ?»

«ወንድየው ጥሎኝ ወጣ። ትልቋ አነሣችኝ። አብራኝ አልቅሳ፣ ይቅር ብዬሻለሁ አለችኝ።» ቀና ብላ አየችኝ። «አሁን ደግሞ እኔ አይደለሁም ልበላት?»

«አንቺ ምንም አትበያት። የምነግራት እኔ ነኝ። ቤቱን ብቻ አሳዪኝ።»

ጫማዋን አጠለቀች። መንገዱን ሙሉ ሁለት እርምጃ ቀድማኝ ሄደች። አንድ ቡናማ በር ጋ ስንደርስ በጣቷ ጠቆመችኝና ወደ መጣንበት ዞረች። እኔም አንኳኳሁ።