የላጤው ቀበቶ

ዮቭና በጭጋግ መሀል አጋዘን ጠፍቶበት አያውቅም፤ ቤቱ ውስጥ ግን መነጽሩን እንኳ ያለ ሚስቱ አያገኝም። ይህን ሲክድ ሠላሳ ዓመት ሊሆነው ነው። በሰሜን ኖርዌይ ለሚኖረው አጋዘን አርቢ ሕዝብ፣ ለሳሚዎች ፓርላማ ተመርጦ፣ ፓርላማው ወዳለበት ከተማ ወደ ካራሾክ የሚሄድ ዕለትም ሚስቱ ሪስቲና ሻንጣውን ልታዘጋጅለት ብትነሳ ተቆጣ።

«ተዪኝ አንቺ ሴትዮ! ሕዝብ የመረጠኝ ሰው ሻንጣዬን መሸከፍ ያቅተኛል?»

«ሕዝቡ የመረጠህ ካልሲህን ስትፈልግ ስላላየ ነው።»

ዮቭና ልብሱን ጠቅጥቆ፣ ደህና ዋዪ እንኳ ሳይል መኪናውን አስነስቶ ሄደ።

ያን ቀን ያደረው ካራሾክ፣ አይሉ ከሚባል የአጎቱ ልጅ ዘንድ ነው። በማግስቱ ሪስቲና ክረምቱን ሙሉ የሰፋችለትን ሰማያዊ የክብር ልብስ ለበሰና ወገቡን ዳሰሰ። ቀበቶ የለም። ሻንጣውን ገለበጠ፤ የለም። ያን ልብስ ያለ ቀበቶ ለብሶ አደባባይ መውጣት ሱሪ ረስቶ እንደ መውጣት ነው።

«የኔን እሰር» አለው አይሉ።

አይሉ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ላጤ ነው፤ ቀበቶው ላይ የተደረደሩት የብር ፈርጦችም ክብ ናቸው። ያገባ ሰው የሚታጠቀው አራት ማዕዘን ፈርጥ ያለውን ነው። እነ ዮቭና አገር፣ ካውቶኬይኖ፣ ሕፃን እንኳ ይህን ያውቃል።

«አብደሃል? ሚስት አለችኝ እኮ!»

«ማን ሆድህን ያይልሃል? ሰው የሚያየው አፍህን ነው።»

አይሉ ለምን ላጤ ሆኖ እንደቀረ ዮቭና ያኔ ሊገባው ይገባ ነበር።

አዳራሹ ጢም ብሏል። የቴሌቪዥኑ ካሜራ ፊት ለፊቱ ተገትሯል። ዮቭና የንግግሩን ወረቀት ሆዱ ላይ ለጥፎ ወደ መድረኩ ወጣ።

«አሞዎታል እንዴ?» አለችው ሰብሳቢዋ።

ምን ያድርግ፣ ወረቀቱን ለማንበብ ማንሳት አለበት። አነሳው። የእኛ ሰው የአጋዘን ጆሮ ላይ የተቆረጠ የባለቤት ምልክት ከሩቅ ለይቶ የሚያውቅ ነው፤ ቀበቶ የት ያመልጠዋል? ከኋላ የተቀመጡት አሮጊቶች ተጎሻሸሙ። ዮቭና አጋዘኖቹ በሚወልዱበት ግጦሽ ላይ የንፋስ ተርባይን እንዳይተከል አጥብቆ ተናገረ፤ በመጨረሻም ድምፁን ከፍ አድርጎ፣

«እኛን የሚያስረን ሌላ ነገር የለም፤ መሬታችን ብቻ ነው!» አለ።

አሮጊቶቹ በሳቅ ፈነዱ።

ጭብጨባው ጥሩ ነበር። ገና ከመድረክ ሳይወርድ ስልኩ ጮኸ፤ አክስቱ ናቸው። «ዮቭናዬ፣ መቼ ነው የተፋታችሁት? ለኔ እንኳ ሳትነግረኝ!» በእረፍት ሰዓት አንዲት የማያውቃት ደርባባ ባልቴት ኬክ ቆርሳ አመጣችለት። ሪስቲና ጋ ደወለ፤ አታነሳም። ደግሞ ደወለ። አሁንም አታነሳም።

ዮቭና ፈራ። ተኩላ መንጋው ውስጥ ሲገባ እንዲህ ፈርቶ አያውቅም። ስብሰባው እንዳለቀ መኪናውን አስነስቶ፣ ሪስቲና የሌለችበት ቤት ምን እንደሚመስል በመንገዱ ሁሉ እያሰበ ወደ ቤቱ በረረ።

በሩን ስትከፍትለት የሠርግ ልብሷን ለብሳለች። ቀይ ሻርፗ ተደርቧል። ወገቧ ላይ የታጠቀችው ቀበቶ ባለ ክብ ፈርጥ ነው።

«ማንን ፈልገው ነው?»

«ሪስቲና፣ ስሚኝማ...»

«ይቅርታ፣ በቴሌቪዥን ያየሁዎት ላጤ ሰውዬ ነዎት መሰለኝ። እኔም እንደሚያዩኝ ያላገባሁ ነኝ። ወንድ ዝም ብዬ ቤቴ ባስገባ ጎረቤት ምን ይለኛል?»

«ረስቼው እኮ ነው!»

«አልጋው ላይ አስቀምጬልህ አልነበር!» አለች ድምፏ ተሰብሮ። ቶሎ ብላ ኮስተር አለች። «ከፈለጉኝ የአባቶቻችንን ደንብ ያውቁታል።» በሩን ዘጋችው።

ደንቡን ያውቀዋል። ድሮ ልጃገረድ ለጋብቻ የሚጠይቅ ጎረምሳ በአጋዘን የሚጎተት ተንሸራታቹን ይዞ ድንኳኗን ይዞራል። ከፈለገችው ወጥታ አጋዘኑን ትፈታለታለች፤ ካልፈለገችው ሲዞር ውሎ ወደ ቤቱ ነው። የዮቭና አጋዘኖች ግን ተራራ ላይ ናቸው፤ በረዶውም ገና አልጣለም። ያለችው ባለ አራት ጎማዋ ሞተር ነች።

ሞተሯን አስነስቶ፣ ከነክብር ልብሱ፣ ከነላጤ ቀበቶው ቤቱን መዞር ጀመረ። የሰፈሩ መጋረጃ ሁሉ ተገለጠ። ሽማግሌው ጎረቤቱ ሄአይካ ወንበር ይዘው ወጡ።

«አይዞህ፣ የተከበርከው የምክር ቤት አባል! መታጠፊያው ላይ ቀስ!»

ባርኔጣው ወደቀ። ጭቃው እስከ ጢሙ ተረጨ። ሪስቲና መስኮቱ ጋ ቆማ ታያለች፤ ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። የነዳጁ መብራት ቀላ። ያን ጊዜ ዮቭና እፍረቱን ጣለና በሞተሩ ድምፅ ላይ ጮኸ።

«ሪስቲና! ያለ አንቺ ካልሲዬንም አላገኝም!»

ሄአይካ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። በሩ ተከፈተ።

ሪስቲና መጥታ ሞተሩን አጠፋችው። የአይሉን ቀበቶ ከወገቡ ፈታ ጣለችና በእጇ የያዘችውን ባለ አራት ማዕዘኑን አስታጠቀችው፤ ከሚያስፈልገው በላይ አጠበቀችው።

«የግጦሹን ነገር ደህና አድርገህ ተናገርክ» አለችው። «ግባ፤ ወጡ ቀዝቅዟል።»

ዮቭና ትንፋሹ መለስ ሲል ወገቧን አየ።

«ያንቺስ ቀበቶ?»

«የኔን» አለች ሪስቲና ቀድማው እየገባች፣ «ነገ አስብበታለሁ።»