የታብሌቱ የብረት ልብስ

ልጄ የምትሠራው መርከብ ላይ ነው። የሞተር ክፍል ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናት። ድሮ እኔ ቆርቆሮ ስቀጠቅጥ እሷ አጠገቤ ቁጭ ብላ የተበላሸ ራዲዮ ትፈታ ነበር። እኔ እዘጋለሁ፣ እሷ ትከፍታለች። እናቷ ደግሞ «ሁለታችሁ ተባብራችሁ ቤቴን ልታፈርሱት ነው» ትለን ነበር። እናቷ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆናት፤ ልጅቷ ባሕር ላይ ከወጣች አራት። እንግዲህ ቤት የቀረነው እኔና መዶሻዬ ነን፤ መዶሻው ደግሞ ካልመቱበት አይናገርም።

መርከብ ላይ ያለ ሰው እንዳሻው አይደውልም። ወደብ ሲገቡ ነው የምትደውልልኝ፣ በታብሌት፣ ፊቷን እያሳየችኝ። ታብሌቱንም የላከችልኝ እሷው ናት። ትንሿ ስልኬ የጋለ ብረት የማቀዘቅዝበት በርሜል ውስጥ ከሰጠመች ወዲህ ሌላ አልገዛሁም። ለማን ልደውልበት?

አንድ ቀን ስትደውል ሱቄ ውስጥ ነበርኩ።

«አባዬ፣ ውሌ ሊያልቅ ነው» አለችኝ። «ለሁለት ዓመት አድሺ እያሉኝ ነው። ካልፈረምኩ ደግሞ እመጣለሁ። ምን ልበላቸው?»

«እኔ ምን ሆኜ? ደህና ነኝ፤ ሥራሽን ሥሪ» አልኳት። አፌ እንዲህ ለማለት ቀድሞ የለመደ ነው።

አተኩራ አየችኝ። እናቷም ስትታዘበኝ እንደዚያው ነበር የምታየኝ። «እንደሱ አይደለም የጠየቅሁህ፤ አስብበት። ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ወደብ እንገባለን፣ እፈርም አልፈርም እዚያ ነው የሚታወቀው። ያን ቀን እደውላለሁ። ነይ ካልከኝ እመጣለሁ።»

እሺ ብዬ ታብሌቱን ወደ ጠረጴዛው ሳስጠጋ ከእጄ አመለጠ። ማዕዘኑ ብረት የማስርበት ሞርሳ ላይ ተላተመና መስታወቱ ጠርዝ ላይ ሰነጠቀ። «አባዬ!» ብላ ጮኸች፣ ልክ እኔ የወደቅሁ ይመስል። «እባክህ ጠንካራ ከቨር ግዛለት! እሱ ከተሰበረ በምን ላገኝህ ነው?»

ያን ቀን ምሳዬን ለብቻዬ ስበላ አሰብኩበት። ድስቱ የቤተሰብ ድስት ነው፤ ትንሽ መሥራት አያውቅበትም፤ አንድ ቀን አበስልና ሦስት ቀን ያንኑ እበላለሁ። በሦስተኛው ቀን ምግቡም እኔም እንሰለቻቻለን። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የምትሰሙኝ ልጆቼ፣ ያኔ ነው ለራሴ ያመንኩት። ነይ እላታለሁ አልኩ። አጭር ቃል ናት፤ ግን አራት ዓመት ሙሉ ጉሮሮዬ ላይ ተቀምጣ ነበር።

በማግስቱ ከቨር ፍለጋ ወጣሁ። ስልክ የሚጠገንበት አንድ ጠባብ ሱቅ አለ፤ ባለቤቷ ሠላሳ ዓመት ያለፋት ሴት ናት፣ ማጉያ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ነው የምትውለው።

«አባባ፣ ምን ልታዘዝ?»

«ለዚህ የሚሆን ልብስ።»

ታብሌቱን ተቀበለችኝና በስንዝሯ ለካችው። በስንዝር የሚለካ ሠራተኛ እወዳለሁ። ያላትን ሁሉ ደረደረችልኝ። አንዱ እንደ ደብተር የሚገለጥ ቆዳ መሳይ ነው። አንዱ ስስ፣ እንደ ካልሲ የሚጠለቅ። አንዱ ወፍራም ላስቲክ፣ አራት ማዕዘኑ ያበጠ፣ ከኋላው መያዣ ያለው።

«እነዚህ ሁለቱ ለቢሮ ሰው ናቸው» አለች። «እርስዎ እጅዎን ሳየው ላስቲኩ ነው የሚሆንዎ።» የራሷን ታብሌት አለበሰችውና ከወገቧ ከፍታ ሲሚንቶው ላይ ለቀቀችው። እኔ እንደ ሕፃን ጮህኩ። እሱ ግን ነጠር ብሎ ተቀመጠ።

«አዩ?»

«አየሁ፤ ግን ይሄ እኮ የጫማ ሶል ነው።»

«እርስዎስ ባዶ እግርዎን ነው የመጡት?»

ሳቅሁ፤ ቢሆንም አልተሸነፍኩም። ላስቲክ ፀሐይ ይበላዋል፣ ዘይት ያቀልጠዋል አልኳት። አርባ ዓመት ሙሉ ለሰው አሸንዳ፣ ባልዲና ሳጥን ስሠራ የኖርኩ ሰው የልጄን ፊት በላስቲክ አልጠቀልልም አልኩ።

«እንግዲያውስ ራስዎ ይሥሩለታ!» አለች እየሳቀች። «ግን እግረ መንገድዎን ለእኔም ለትንንሽ ብሎኖች የሚሆን ባለብዙ ክፍል ትሪ ይሥሩልኝ። ብሎኖቼ እየተደባለቁ ሊያሳብዱኝ ነው።»

እሷ ቀልዷን ነበር። እኔ ግን ትእዛዝ አድርጌ ያዝኩት።

ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ከሱቄ ካለው ላሜራ ሁሉ ጠንካራውን መረጥኩ። ውስጡን ከአሮጌ ኮቴ በቆረጥኩት ሱፍ አለበስኩት። ጠርዙን በአራቱም በኩል አጥፌ መስታወቱ ላይ ጣት ስፋት እንዲያልፍ አደረግሁ፤ ፊት ለፊቱን ደግሞ በማጠፊያ የሚከደን ክዳን ገጠምኩለት። ቻርጅ የሚሰካበትን፣ ድምፅ የሚወጣበትንና ካሜራውን ብቻ በሳሁ። በእኛ ሙያ ክፍተት ጠላት ነው። አንድ ባልዲ አልቆ ከእጃችን ከመውጣቱ በፊት ወደ ፀሐይ አንስተን በውስጡ እናያለን፤ የመርፌ ጫፍ ታህል ብርሃን ካሳለፈ ሥራ አልተባለም። ይሄንንም ታብሌቱን ከማስገባቴ በፊት አንስቼ አየሁት። ከነዚያ ቀዳዳዎች በቀር በስፌቱ ምንም አያሳልፍም። ከዚያ ታብሌቱን አስገብቼ ሪቬት በምንለው የብረት ችንካር፣ በአሥራ ሁለት፣ ዘጋሁት። ብሎን ይላላል፤ ሪቬት ግን ቃሉን ይጠብቃል።

ፎቅ ላይ ያለችው አከራዬ፣ ኢንተርኔቷን የምታካፍለኝ፣ ደረጃው ሥር አገኘችኝ።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር ታብሌት ነው ወይስ ታንክ?»

«ከፎቅሽ ብትወረውሪው አይሰበርም።»

«ከታች ለሚያልፈው ሰው ነው እንጂ ለሱስ ማን አሰበ!»

ከዚያ መጠበቅ ጀመርኩ። ክዳኑን ዘግቼ፣ ሲጠራ እከፍታለሁ ብዬ፣ ከሥራ ቦታዬ ፊት ለፊት አቆምኩት። የተባለው ቀን ሲደርስ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ፣ ጢሜን ተላጭቼ ዋልኩ። ጥሪ እንዳያመልጠኝ መዶሻ አላነሳሁም፤ መንገደኛው ሁሉ «ዛሬ በዓል ነው እንዴ?» እያለ አለፈ። ታብሌቱ ግን ትንፍሽ አላለም።

ዘግይተው ይሆናል አልኩ። በማግስቱም ሌላ ሸሚዝ። በሦስተኛው ቀን ንጹሕ ሸሚዝ አለቀብኝና የመጀመሪያውን ደገምኩት። ክዳኑን እከፍታለሁ፤ ሰዓቱ ይሠራል፣ የድሮ ፎቶዎቿም ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ታብሌቱ ጤነኛ ነው። ደረጃው ሥር ብቅ ብዬ «ኢንተርኔት አለ?» ብዬ ተጣራሁ። «ተከታታይ ፊልሜን እያየሁበት ነው፣ ምን ይሆናል!» አለች አከራዬ ከላይ።

እንግዲያው የቀረው አንድ ነገር ነው። ልጄ ተቀይማኛለች። ነይ ለመባል ጠይቃ ሥራሽን ሥሪ የተባለች ልጅ ምን ብላ ትደውል? ለሰው አልነገርኩም። ልጄ ጠፋችብኝ ብሎ መናገር በራስ ላይ መመስከር ነው። እጄ እንዳይፈታ ብዬ የዚያችን ሴት ትሪ ሠራሁ፤ ሃያ አራት ክፍል ወጣው። ለእኔ የቀረልኝ ሥራ ጠባብ ጠባብ ክፍል መሥራት መሰለኝ።

የመርከቧ ቀን ካለፈ በአምስተኛው ቀን ትሪውን ይዤ ሄድኩ። ታብሌቱንም በብብቴ ይዤዋለሁ፤ አንድ ጊዜ እንኳ ትቼው ወጥቼ አላውቅም።

ባለሱቋ ትሪውን አገላብጣ አየችው። «እጅዎ ይባረክ! እንዴት ያምራል! ይሄ ደግሞ…» ብላ ወደ ብብቴ አየች። «እውነት ሠሩለት እንዴ?»

«ቀልድሽን ነበር?» አልኩና ጠረጴዛዋ ላይ አኖርኩላት። በጣቷ ኳ ኳ አደረገችው። ክዳኑን ከፈተች። ጣቷን መስታወቱ ላይ አንዴ ወደ ታች ጎተተች። መነጽሯን ከግንባሯ ወደ ዓይኗ አወረደች።

«አባባ፣ ይሄን ካለበሱት ስንት ቀን ሆነ?»

«ሁለት ሳምንት ሆነው።»

«በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድም ነገር አልገባልዎትም?»

«ምን ይገባል! ብርሃን እንኳ አይገባበትም» አልኳት፣ እየኮራሁ።

አልሳቀችም። ወንበር ሳበችልኝ። «ጥሪ እኮ በአየር ነው የሚመጣው» አለች ቀስ ብላ። «የቤትዎ ኢንተርኔት ከፎቅ ተሻግሮ ነው የሚደርስዎት፤ ያው ደካማ ነው። ዙሪያውንና ጠርዙን ብረት ካለበሱት፣ ክዳኑን ቢከፍቱት እንኳ በየት በኩል ይግባ?»

ልጆቼ፣ በገዛ እጄ ደጄን ቆልፌ ማንም አላንኳኳም ብዬ ሳዝን ነበር።

ቀጭን መሣሪያ አምጥታ ልትሞክር ስትል «ተይው» አልኳት። መሮና መዶሻ ከቦርሳዬ አወጣሁ። አሥራ ሁለቱንም ሪቬት አንድ በአንድ ራሳቸውን ቆረጥኩ። ዕድሜዬን ስዘጋ ነው የኖርኩት፤ የራሴን ሥራ ሳፈርስ ያ የመጀመሪያዬ ነው። አምስተኛው ላይ አውራ ጣቴን መታሁት። እሷም አይታ እንዳላየች ሆነች።

ታብሌቱን ከሱፉ አውጥታ ከሱቋ ኢንተርኔት ጋር አገናኘችው። ትንሽ ቆይቶ ጮኸ። ደገመ። ደጋገመ። ሃያ ሦስት ያልተነሳ ጥሪ። አራት የድምፅ መልእክት።

«አባዬ፣ ወደብ ገብተናል! ተነስ፣ ፊትህን አሳየኝ!»

«አባዬ፣ የት ነህ? ስድስተኛዬ ነው። የአከራይህን ቁጥር እንኳ አልያዝኩም፤ ምን ዓይነት ልጅ ነኝ?»

«ተቀይመህ ነው? ወይስ መናገሩ ከብዶህ? እስከ ነገ ጠዋት ጊዜ ሰጥተውኛል።»

አራተኛው ላይ ድምፅዋ ዝቅ ብሏል፤ ከኋላዋ የሞተር ጩኸት አለ። «ፈረምኩ አባዬ። ሥራሽን ሥሪ ብለኸኝ የለ? ቃልህን ያዝኩ። አሁን ልንነሳ ነው። አልተቆጣሁም። በሕይወት መኖርህን ብቻ አሳውቀኝ።»

ባለሱቋ ፊቷን አዙራ የተወለወለ መስታወት ደግማ ትወለውላለች።

መልሼ ደወልኩ። አይነሳም፤ ባሕር ላይ ናት። «ድምፅዎን ይላኩላት» አለችኝ ባለሱቋ። «ይሄን ተጭነው ይያዙና ይናገሩ። ስትደርስ ታገኘዋለች።» ይህን ብላ፣ ምንም የምታመጣው ሳይኖር፣ አንድ ነገር ላምጣ ብላ ወጣች።

መጀመሪያ ስጫነው የገባው ትንፋሼ ብቻ ነው፤ አጠፋሁት። ሁለተኛው ላይ «ደህና ነኝ» ብዬ ጀመርኩና ያንንም አጠፋሁ። በሦስተኛው እንዲህ አልኩ፦ «ልጄ፣ አለሁ። አልተቀየምኩም። ታብሌቱን በብረት ዘግቼው ነው፤ ስትመጪ ትስቂብኛለሽ። ጤነኛ ነኝ፣ ደህና ግን አይደለሁም። ቤቱ ይከብደኛል። ያን ቀን ነይ ልልሽ ነበር፤ አሁንም ነይ እልሻለሁ። የፈረምሽውን ጨርሺ፣ ቃል ቃል ነው። ከዚያ በኋላ ግን ሌላ አትፈርሚ።»

ላክሁት። ከሥሩ አንዲት ግራጫ ጭረት ወጣች። ባለሱቋ ስትመለስ መርከቧ ኢንተርኔት ካገኘች ጭረቷ ሁለት ትሆናለች አለችኝ። መቼ እንደሆነ እሷም አታውቅ፣ እኔም አላውቅ። ያን ባለመያዣ ላስቲክ አለበሰችልኝ፤ እኔም ስለ ጫማ ምንም አላልኩ።

ቤት ስደርስ ሱቄን አልከፈትኩም። ደረጃው ሥር ቆምኩ። በኪራይ በኖርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ከታች እየተጣራሁ ነው እንጂ አንድም ቀን ወጥቼ አላውቅም። መደገፊያውን ይዤ ወጣሁና አንኳኳሁ።

«ጋሼ! ምን ሆንክ?» አለች አከራዬ በሩን ከፍታ።

«የስልክ ቁጥርሽን ፈልጌ ነው። ለልጄ ልልክላት። እኔ ብጠፋባት አንቺን እንድትጠይቅ።»

ከበሩ ፈቀቅ አለች። «ግባ፤ ፊልሙ ጀምሯል፣ ሲያልቅ እሰጥሃለሁ።»

ታብሌቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ጭረቷ አሁንም አንድ ናት። ፊልሙ መሃል ላይ ነበርና ምንም አልገባኝም፤ እሷም ማን የማን ልጅ እንደሆነ ከመጀመሪያው ትነግረኝ ጀመር።