ጥፋቱ የገንፎው አይደለም

ጂቱ ስምንት ወር ሲሞላት ሮቤ ውስጥ ያያት ሁሉ «መንታ ነው እንዴ?» ይላታል። አንድ ነው፤ ግን ገዝፏል። አማቷ እትዬ ፀዳለ ታዲያ መላ አላቸው፤ ነፍሰ ጡር ከበላች ልጁ ይፋፋና መውጫ ያጣል፣ ስለዚህ ሳህኗን ማንሳት ነው። ገንፎው ግማሽ ሳይደርስ እጃቸው ከች። ጂቱ ደግሞ «ራበኝ» ማለት አይሆንላትም፤ ብቻ እየመነመነች መጣች።

ያልነገረቻቸው ነገር ነበር። ይሄ ልጅ ከዘጠኝ ዓመት ጥበቃ በኋላ፣ አዲስ አበባ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ከእሷና ከባሏ ከወንዶሰን የተገኘ ፅንስ ነው፤ ማህፀኗ እስኪገባ ሰባት ወር ፍሪዘር ውስጥ ቆይቷል። አማቷ «የማሽን ልጅ» ብለው እንዳይገፉት ፈርታ አፏን ዘጋች።

ጎባ ሆስፒታል ለክትትል ሲሄዱ እትዬ ፀዳለም አብረው ገቡ። አዋላጇ ሲስተር ጸሎት ሆዷን ለካች፣ ስኳሯንም አየች፤ ደህና ነው። ክንዷን ግን ጨበጥ አድርጋ፣
«ልጁ ሲተልቅ አንቺ ትቀጥኛለሽ። ምን እየበላሽ ነው?» አለቻት።
«እኔ ነኝ የቀነስኩላት» አሉ እትዬ ፀዳለ፣ ኮራ ብለው። «ገንፎው ነው ያገዘፈው።»

ጂቱ ዝም ብትል ረሃቡ ሊቀጥል ነው፤ ብትናገር አማቷን ልታጣ።
«ሲስተር፣ በረዶ ውስጥ የቆየ ፅንስ ነው ያስገቡልኝ» አለች፣ መሬት መሬት እያየች።
«ማህፀንሽን በመድኃኒት አዘጋጅተው ነው ወይስ የራስሽን ዑደት ጠብቀው?»
«በመድኃኒት።»
«እንዲህ የመጡት አንዳንዴ ክብደታቸው ጫን ይላል፣ በተለይ በመድኃኒት ሲሆን። ሁሉም አይደሉም፤ ለምን እንደሆነም ገና በደንብ አልታወቀም። እዚሁ ሆስፒታል ትወልጃለሽ፣ ተዘጋጅተን እንጠብቅሻለን። እትዬ፣ እርስዎ ደግሞ ያብሏት።»

እትዬ ፀዳለ ወደ ጂቱ ዞሩ።
«ስንት ጊዜ በረዶ ውስጥ?»
«ሰባት ወር።»
«ዋቃ ኮ፣ አምላኬ። የሳነቴን ተራራ ብርድ እኔ አንድ ቀን አልችለው።» የጂቱን ነጠላ አስተካከሉላት። «ለምን አልነገርሽኝም፣ ልጄ?»
«ይጠሉታል ብዬ።»
«ሞኝ። ዘጠኝ ዓመት የለመንኩትን?»

ምጡ ቢረዝምም በሰላም ተገላገለች። ወንድ፣ አራት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም። እትዬ ፀዳለ ማመስገን ጀምረው ማቆሚያ አጡ፤ ከእግዜር ተነስተው፣ በሲስተር ጸሎት አድርገው፣ አዲስ አበባ ክሊኒኩ ውስጥ ያለውን አይተውት የማያውቁትን ሰው ሳይቀር መረቁ፤ መብራት እንዳይጠፋ ፍሪዘሩን ሲጠብቅ የከረመውን።