ዮርዲ የዋጠችው ቃል

ጋሼ ተረፈ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ዮርዲን ካፖርት መስቀያው ጋ ጠብቀው ያዟት። ምእመናኑ ኦስሎ ላምበርትሴተር ሰፈር ከተከራዩት አዳራሽ እየተንጫጩ ይወጣሉ። እሷ አንዱን እጅጌ አጥልቃ ከሌላው ጋር እየታገለች ስለነበር ማምለጫ አላገኘችም።

«ምስክሬ አንቺ ነሽ» አሏት እጇን በሁለት እጃቸው ይዘው። «ያን ቀን ናቭ ቢሮ ሁሉንም በገዛ አፌ ተናግሬያለሁ። አሁን ዋሸህ ነው የሚሉኝ። ገንዘቡን መልስ ብቻ ቢሆን ምን ነበር፤ ለፖሊስ እናሳውቃለን የሚል ደብዳቤ መጣልኝ። ይግባኝ ልል ነው። አስተርጓሚዋ አንቺ ነበርሽ፤ ተረፈ እንዲህ እንዲህ ብሏል ብለሽ ብትጽፊልኝ ነገሩ ያበቃል።»

«እሺ ጋሼ» አለች ዮርዲ። ሌላ ምን ትበል? በውስጧ ግን ክው ብላለች። ምክንያቱም ጋሼ ተረፈ በእርግጥ ተናግረዋል። ያልተናገረችው እሷ ናት።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ 2008 መጀመሪያ ላይ፣ ከዓመት ከመንፈቅ በፊት ነው። ጋሼ ተረፈ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰሃን ያጠቡበት ሆቴል ሲሸጥ አዲሱ ባለቤት አሰናበታቸውና ከመንግሥት የሥራና የድጎማ ቢሮ፣ ከናቭ፣ የሥራ አጥ አበል ይከፈላቸው ጀመር። ዮርዲ ኦስሎ ተወልዳ ስቶቭነር ያደገች የነርስ ተማሪ ናት፤ በትርፍ ጊዜዋ ታስተረጉማለች። ጋሼን ከቤተ ክርስቲያን በመልክ ታውቃቸው ነበር። ደንቡ ለሚያውቁት ሰው ማስተርጎምን አይፈቅድም። ነገር ግን በዚህች ከተማ ለማላውቀው ሐበሻ ብቻ ነው የማስተረጉመው ያለች ልጅ ጾሟን ነው የምታድረው።

ጉዳዩን የያዘችው የናቭ ሴትዮ ክፉ አልነበረችም። ለስለስ ብላ «ቀኑን በምን ያሳልፋሉ?» ብላ ጠየቀች።

ጋሼ ተረፈ ወንበራቸው ላይ ተስተካክለው ተቀመጡ። ሰነፍ መባልን ከምንም በላይ የሚፈሩ ሰው ናቸው። «እኔ እጄን አጣጥፌ የምቀመጥ ሰው አይደለሁም በያት!» አሉ ደረታቸውን ነፍተው። «ሃውገሩድ የባለቤቴ ወንድም ግርማ ሱቅ አለው። በየቀኑ ከጠዋት ጀምሮ እዚያ ነኝ። ሱቁን እከፍታለሁ፣ የሩዝ ጆንያ እሸከማለሁ፣ ደንበኛ አስተናግዳለሁ። አምስት ሳንቲም አልቀበልም። ሥራ ወዳድ መሆኔን ትወቅልኝ!»

ምስኪን፣ ይህን ሲሰሙ የሚያደንቋቸው መስሏቸው ነበር። ዮርዲ ግን ደንቡን ታውቃለች። አበል ተቀባይ በየሁለት ሳምንቱ የሚልከው ሜልደኮርት የሚባል ቅጽ የሚጠይቀው የተሠራውን ሰዓት ነው፤ ተከፈለበት አልተከፈለበት ጉዳዩ አይደለም። እሳቸው ደሞዝ ስለማያገኙ፣ ዘመድ ማገዝም ሥራ ይባላል ብለው ስላላሰቡ፣ ባዶውን ነበር የሚልኩት። የተናገሩት ከተተረጎመ አበሉ እዚያው ይቆማል። ዮርዲ ቀና ብላ የተንጨባረረ ሽበታቸውን ስታይ አባቷ ትዝ አሏት።

«ቤት ነው የሚውለው» አለች በኖርዌይኛ። «ቴሌቪዥን ያያል፤ ሥራም ይፈልጋል።»

ሴትዮዋ ያንኑ ጻፈች። ጋሼ ተረፈ ጥሩ የተወራላቸው መስሏቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ ፈገግ አሉ። ዮርዲም አንድ ሽማግሌ ከጉድ አወጣሁ ብላ ደስ እያላት ወደ ቤቷ ሄደች። አሁን ከሁሉ በላይ የሚያሳፍራት ያ ደስታዋ ነው።

ያን ቀን እውነቱን ብትተረጉም ኖሮ የሚመለሰው የጥቂት ሳምንት ገንዘብ ነበር። ደንቡንም ይነግሯቸው ነበር፤ እሳቸውም ያቆሙ ነበር። እሷ ስለደበቀችው ግን አበሉ ወር በወር ተከማቸ። በመጨረሻ ተቆጣጣሪዎች ወደ ሱቁ ሲገቡ ጋሼን ጆንያ ተሸክመው አገኟቸው። መዝገቡ ሲታይ ደግሞ «ቤት ነው የምውለው» ብለዋል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ዮርዲ ሳምንቱን ሙሉ ስትባዝን ሰነበተች። አላስታውስም ብትል ማን ያውቅባታል? ክፍሉ ውስጥ አማርኛ የሚሰማ ሌላ ሰው አልነበረም። የመንግሥት አስተርጓሚነት ፈቃድ ለማግኘት ፈተናው ደርሶባታል። አንድ አስተርጓሚ የሰው ቃል ዋጠች ከተባለ ደግሞ ፈቃዱን አይደለም፣ አሁን ያላትንም ሥራ ታጣለች። አላስታውስም፣ አላስታውስም እያለች አፏን አለማመደችው። ክፋቱ፣ ቃሉ አፏ ላይ ቀላል ሆነላት።

ሐሙስ ዕለት ለጋሼ ተረፈ ልጅ ለኤማ ስልክ ደወለችላት። ምናልባት ጠበቃ ይዘው ከሆነ እኔ አላስፈልግም ብላ ተስፋ አድርጋ ነው።

«ኔይ፣ የለም፣ ምን ጠበቃ» አለች ኤማ። «እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔ ፓፓን አላምነውም። ተናግሬያለሁ ይላል፤ ወረቀቱ ሌላ ነው የሚለው። ፈርተህ ዋሽተሃል፣ አሁንም እየዋሸኸን ነው አልኩት። ከዚያ ወዲህ ከእኛ ጋር ገበታ አይቀርብም።»

ዮርዲ ስልኩን ዘጋች። ሰውዬው በገዛ ቤታቸው ውሸታም የሆኑት በእሷ ነው። ቁጭ ብላ ደብዳቤውን ጻፈች።

ቅዳሜ ሃውገሩድ ቤታቸው ሄደች። ኤማ ሻይ አቀረበች። ዮርዲ በኖርዌይኛ የጻፈችውን ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችላቸው።

«አቶ ተረፈ አልፎ አልፎ የዘመዳቸውን ሱቅ እንደሚያግዙ በዚያ ቀን ተናግረዋል። እኔ ግን አልተረጎምኩትም። በምትኩ ቤት እንደሚውሉና ቴሌቪዥን እንደሚያዩ አድርጌ ተናገርኩ። እሳቸው አልዋሹም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ኤማ አፏን በእጇ ያዘች። «ፓፓ» ብላ ጠራቻቸው። አባቷ አላዩዋትም።

«ቴሌቪዥን ያያል አልሽ?» አሉ ወደ ዮርዲ ዞረው። «ያቺ ሴትዮ ይሄን ሁሉ ጊዜ እኔን ሶፋ ላይ ተጋድሞ የሚውል ሰው ነው ብላ ነው የምታውቀኝ?»

ዮርዲ ስለ ገንዘቡ ለመሰደብ ነበር ተዘጋጅታ የመጣችው። ይሄ አልታሰባትም ነበር። ሰውዬው አንድ ነገር ብቻ ነበር እንዲነገርላቸው የለመኑት፤ እሷ ተቃራኒውን አስመዘገበችባቸው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ። ላድንዎት ብዬ ነው።»

«አልፎ አልፎ ያልኩትስ እኔ ነኝ?»

ፊቷ እሳት ሆነ። «በየቀኑ ብዬ ከጻፍኩ ዕዳው ምንም አይቀነስልዎትም። ትንሽ ላለዝበው ብዬ ነው እንጂ…»

«ያኔም አለዝበሽው ነው» አሏት። ድምፃቸውን አላነሱም፤ ቢጮሁባት ይሻላት ነበር። «ዕዳውን እየሠራሁ እከፍላለሁ። የተናገርኩትን ግን እንደተናገርኩት ጻፊልኝ። በየቀኑ በይ። ከጠዋት ጀምሮ በይ። ጆንያውንም እንዳትረሺ።»

ዮርዲ ንጹሕ ወረቀት ለምና ጠረጴዛው ላይ እንደ አዲስ ጀመረች። ስሟን ከፊርማዋ ጋር ስታሰፍር ፈቃዱም ፈተናውም እንደሚቀርባት ታውቃለች፤ እሱ እንኳ በዚያ ሰዓት አላሳሰባትም። ጋሼ ተረፈ የቀዘቀዘውን ሻይዋን አስቀይረው በገዛ እጃቸው አጠገቧ አስቀመጡላት።

«እንዳትቀየሚኝ ልጄ» አሉ። «ስትጨርሺ ኤማ ታንብብልኝ።»

«እሺ ጋሼ» አለች ዮርዲ ቀና ሳትል። «ታንብብልዎት።»