ሳይረኑና ጀሪካኑ

ማዘጋጃ ቤቱ ጣሪያ ላይ ያለው ሳይረን ሦስት ጊዜ ቀለም ተቀብቷል፤ ድምፁ ግን ያው ነው። በቀድሞው መንግሥት ጊዜ የሚጮኸው ወታደሮች ቤት ለቤት ሊያስሱ ሲወጡ ነበር። ያኔ በር ይቆለፋል፣ መብራት ይጠፋል፣ አልጋ ሥር ይገባል። አባቴ አንድ ቀን ሳይረኑ ሲጮኽ መንገድ ላይ ነበር፤ ይኸው እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ነው።

አዲሱ መንግሥት «የጎርፍ ማስጠንቀቂያ» የሚል ጽሑፍ ለጠፈበትና እኔን ቀጠረኝ። አንድ ቀን እንሞክረው ብዬ ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ጻፍኩ። ሕዝቡ መንግሥት የተለወጠ ይመስለዋል ተብሎ ቀረ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ከላይኛው የወንዝ መለኪያ ጣቢያ ተደወለ። «እየመጣ ነው። ቢበዛ አርባ ደቂቃ ቢኖራችሁ ነው።»

ወንዙ ዳር ያለው ታችኛው ሰፈር ነው። ነዋሪዎቹን የድሮዎቹ ከኮረብታው አንስተው አወረዷቸው፤ የአሁኖቹ ደግሞ «እኛ አላወረድናቸውም» ብለው ተዉአቸው። እናቴም እዚያ ናት።

አለቃዬ ቁልፉን ራሱ ተጫነው። ከጣሪያው ላይ ቁልቁል አየሁ። መስኮቶች ጧ ጧ እያሉ ተዘጉ። ልብስ የምታሰጣ ሴት ግማሹን ዘንቢል ውስጥ ትታ ገባች። በሁለት ደቂቃ ውስጥ መንገዱ ላይ አንድ ውሻ ብቻ ቀረ፤ እሱም ገና ልጅ ስለሆነ ነው።

«አየህ ዲሲፕሊን?» አለ አለቃዬ።

«ጋሼ፣ እየወጡ እኮ አይደለም። እየገቡ ነው።»

እናቴ ጋ ደወልኩ። በሹክሹክታ አነሳችው።

«አልጋ ሥር ነኝ። አንተም ቶሎ ግባ።»

«እማዬ፣ ጎርፍ ነው። በናትሽ ውጪ።»

«ያኔም በሞንታርቦ ‹ውጡ፣ ምንም የለም› ብለውን ነበር። የወጡት የት ደረሱ?»

«አሁን የምነግርሽ እኮ እኔ ልጅሽ ነኝ።»

«አስገድደውህ ቢሆንስ? ድምፅህ ይንቀጠቀጣል።» ዘጋችው።

ሃያ ስድስት ደቂቃ ቀረ። አለቃዬ «ደግመን እንጫነው» ብሎ እጁን ሲዘረጋ ገፋሁትና ከሳይረኑ ጎን ያለውን ሞንታርቦ ከፈትኩ። እውነቱ እንደማያስወጣቸው ከእናቴ ሰምቻለሁ። ከሱቅ ከጠፋ ሁለት ወር የሆነው ነገር ትዝ አለኝ።

«ላይኛው ትምህርት ቤት ዘይት እየታደለ ነው። በነፍስ ወከፍ አምስት ሊትር። ሕፃንም ሽማግሌም ይቆጠራል። በአካል ላልመጣ አይሰጥም።»

ቆይቶ አንድ በር ገርበብ አለና መጀመሪያ ቢጫ ጀሪካን፣ ከኋላው ሰውየው ወጣ። ከዚያ ሰፈሩ በሙሉ ተነቅሎ ወጣ። አንዱ አያቱን በጀርባው አዝሏል፣ ሌላው ጎረቤቱን ከነወንበሩ ተሸክሟል። ኮረብታውን እየተጋፉ ወጡት።

«ዘይት መምጣቱን እንዴት አትነግረኝም?» አለ አለቃዬ። «ለሠራተኛ ለብቻ ሰልፍ አለ?»

ትምህርት ቤቱ ግቢ እየሮጥኩ ደረስኩ። ሰልፉን ከጭራው እስከ መሐሉ ፈለግኳት፤ የለችም። ሰዓቴን አየሁ፤ ዘጠኝ ደቂቃ ቀርቷል። እናቴ ለካ ከፊት ሦስተኛ ናት።

«ሊያፍሱን ቢሆን ጀሪካን ያዙ አይሉንም ብዬ ነው» አለችኝ። «ዘይቱስ?»

«የለም» አልኳት በጆሮዋ። «ጎርፉ ግን አለ።»

ቁልቁል ወደ ወንዙ አየች። ከኋላ ጉምጉምታ ተነሳ። አንድ ረጅም ሰውዬ «ደግሞ አሞኙን፤ እኔ ወደ ቤቴ» ብሎ ቁልቁል ጀመረ። ሁለት ሴቶች ተከተሉት።

እናቴ ጀሪካኗን ገልብጣ ተቀመጠችበት።

«አንተ ረጅሙ፣ ከሄድክ ተራ የሚይዝልህ የለም» አለች ጮክ ብላ። «መኪናው መንገድ ላይ ነው። ልጄ ነው የነገረኝ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው።»

ሰውየው ቆመ። እያጉረመረመ ተመለሰ፤ ሴቶቹም።

ከታች እንደ ከባድ መኪና የሚያጓራ ድምፅ ሲመጣ ሁሉም ዞረ። አንዳንዱ ጀሪካኑን አመቻቸ። ከሰልፉ የወጣ ግን አልነበረም።

«በሬን እንኳ ቆልፌዋለሁ» አለች እናቴ፣ ቁልፏን እያሳየችኝ።